ቀይዋ፣ ነጩ እና የአልጣሽ ወረቀት

ግንቦት 5 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ይህን አጀንዳ እፀገነት ከምትሠራበት ባንክ አመጣችልኝ። በየገጹ አናት የፈረንጅ ቀን ታትሞበታል፤ እሱን እየሰረዝኩ በራሳችን እጽፋለሁ። «አያቴ፣ ሬዲዮኑ ላይ ከሚጮኹበት እዚህ ላይ ይጻፉት» አለችኝ። ዜና አንባቢውን ስሳደብ ትሰማኛለች ማለት ነው።

ይሄይስ እባላለሁ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስቀበል ኖርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እፀገነት የልጅ ልጄ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። ጠዋት ትወጣለች፣ ሲመሽ ትገባለች፣ ከገባችም በኋላ ከስልኳ ጋር ናት። አባቷ ልጄ ናሁሰናይ ቡሬ በቆሎ ይነግዳል። ሚስቱ ያምሮት ደግሞ እሱን ትነግደዋለች።

ዛሬ ናሁሰናይ ደወለ። ሠርክአዲስ የሚባል የመኪና ደላላ ሁለት መኪና ከአዲስ አበባ አምጥቶ መጋዘኑ ግቢ አቁሞለታል። አንዷ ቀይ፣ አጭር፣ ባለሁለት በር፤ «ስፖርት» ይሏታል። ሌላው ነጭ፣ ረጅም፣ ወንበሩ ቆዳ፣ መስታወቱ ጥቁር፤ «ቅንጡ» ይሉታል። ሁለቱም ጎማቸው ትልልቅ፣ ሁለቱም ጋራ የሚወጡ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሁለቱንም እየነዳ ይሞክርና አንዱን ገዝቶ ሌላውን ይመልሳል። እፀገነት ቀይዋን ትላለች። ያምሮት ነጩን ትላለች። ልጄ መካከል ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«አባዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ።

«እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ እንጂ ዳኛ አልነበርኩም።»

«ግድ የለም፣ ቅዳሜ በቀይዋ እመጣለሁ፣ ያዩዋታል።»

ቅዳሜ ይመጣል። ከጥምቀት ወዲህ ሲመጣ ሁለተኛው ነው።

ግንቦት 10

መጣ። ኮቴን ለብሼ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ነበርኩ። ፀሐይ ልሞቅ ብዬ ነው።

ቀይዋ መርገጫ የላትም። ናሁሰናይ በብብቴ ይዞ አነሣኝ፤ እኔ እሱን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ፈረስ ላይ እንዳወጣሁት ማለት ነው። ወንበሯ ዳሌን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። የኋላውን ዞሬ አየሁት፤ የፊቱን ወንበር አጥፈህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ በጎን ነው የምትገባው። «እዚህ የሚቀመጠው ማነው?» አልኩት። «ጆንያ» አለኝ። ልጄ ቀልድ ጀምሯል።

ጣራዋ ይከፈታል። ሲከፍተው ነፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው፣ ብር ወንዝ ድልድይ አጠገብ ቆመን ከእርሻ ውስጥ አመጣነው። እንደ ፈረስ ናት፤ ገና ሳትነካት ትነሣለች። ደስ አለኝ። ግን አልነገርኩትም።

«እንዴት ናት?» አለኝ ሲያወርደኝ።

«ነጩን ሳላይ በአንድ ወገን ቃል አልፈርድም።»

«ዳኛ አይደለሁም ብለው ነበር እኮ!»

ግንቦት 12

ጉልበቴ አብጧል። እፀገነት «ከመኪናው ነው?» ስትለኝ ከብርዱ ነው አልኳት።

ግንቦት 17

ካልጻፍኩት ሳቁ ሆዴ ውስጥ ይፈነዳል።

በነጩ መጣ። መርገጫ አለው፤ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው በዝግታ ብቻዬን ወጣሁ። በወንበሮቹ መካከል ማቀዝቀዣ ሳጥን አለ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አውጥቶ ሰጠኝ። ሲሄድ እንደ ሰጋር በቅሎ ነው፣ ብርጭቆውን በእጄ ይዤ ጠብታ አልፈሰሰብኝም። ንግሥቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሳትቀመጥ ሞተች።

«ክፉ መንገድ ላይ ካልሞከርነው ምኑን ሞከርነው?» አልኩና ከማንኩሳ አለፍ ብለን ከአስፋልቱ ወደ ግራር አምባ ታጠፍን። ናሁሰናይ በዚያ በኩል በቆሎ ገዝቶ አያውቅም፣ እኔንም የሚያውቀኝ የለም። ሚካኤል አጠገብ ትልቅ ዋርካ አለ። ከሥሩ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ለካ ከላይ የሚመጣ ሰው አለ ተብለው ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ሲጠብቁ አርፍደዋል። ነጩ መኪና በጥቁር መስታወቱ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አጨበጨቡ! አንድ ኮት የለበሰ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ይመስለኛል፣ እየሮጠ መጥቶ በሬን ከፈተልኝ።

«አባዬ፣ እንመለስ፣ በማርያም» አለ ናሁሰናይ።

እግሬ ግን መርገጫው ላይ ነበር። ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ሳብ አደረግሁ፣ ዘንጌን ጨበጥኩ፣ እጄን አነሣሁ።

«እንደምን ዋላችሁ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«ዝናቡስ እንዴት ነው?»

አንድ ሽማግሌ «ገባ ወጣ እያለ አስቸገረን፣ ጌታዬ» አሉ።

«እናስተካክለዋለን» አልኩ።

አጨበጨቡ! ዝናቡን አስተካክላለሁ ስል አጨበጨቡልኝ! አንድ ጎልማሳ ከኋላ «ታርጋው እኮ የመንግሥት አይደለም» ሲል ሰማሁት። ሊቀመንበሩ ዞሮ «ዝም በል! ዛሬ ደግሞ ታርጋ አንባቢ ሆንክ?» አለው።

ልንሄድ ስንል አንዲት ሴት፣ ስልሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «አልጣሽ እባላለሁ። እኔ ብዙ አልናገርም፣ ወረቀቱ ይናገራል» አለች። መነጽሬን አወጣሁና እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ወረቀት ከእጄ ገብቶ ሳላነበው አላስቀምጥም። ከዚያ ኪሴ ከተትኩትና «እናየዋለን» አልኳት። ይህችን ቃል ከአለቆቼ አፍ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ!

እስከ አስፋልቱ ድረስ ሳቅን። ናሁሰናይ እንባው እየፈሰሰ መንገዱ ስለጠፋበት አቁሞ ሳቀ። ከልጄ ጋር እንዲህ የሳቅሁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ።

ግንቦት 20

በዓል ነው። ከሜዳው የድምፅ ማጉያ ጩኸት ይሰማል። እፀገነት ሥራ የላትም ብዬ ነበር፣ ጓደኞቿ ጋ ሄደች።

ኮቴን ስሰቅል ፌስታሉ ከኪሴ ወደቀ። ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። የአልጣሽ የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፣ ከወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጋር። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ታማ መራዊ ልጇ ዘንድ ስትከርም ሦስት ጥማድ የጤፍ መሬቷን ለባሏ የወንድም ልጅ ለእኩል እንዲያርስ ሰጠችው። ስትመለስ «ትተሽው ሄደሽ ነበር፣ የእኔ ነው» አላት። በክርክሩ ቀጠሮ ቀን ሕመሙ ተነሥቶባት ምስክር ሳታቀርብ ቀረች፣ ተፈረደባት። የቀራት ይግባኝ ነው።

የውሳኔው ቀን ሚያዝያ 21። ይግባኝ የሚባለው በስልሳ ቀን። ሰኔ 21 ማለት ነው። ገና ሠላሳ አንድ ቀን አላት።

ቅጂ መስሎኝ ነበር። ማኅተሙን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ዋናው ነው። ደብተሩም ውሳኔውም ዋናው። ያለ እነሱ ምንም ማድረግ አትችልም።

ቅዳሜ እመልስላታለሁ። ቀላል ነገር ነው።

ግንቦት 24

በቀይዋ ደምበጫ ደርሰን ተመለስን። ስለ ፌስታሉ ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ሲጨርስ ደግሞ «እናስተካክለዋለን!» ብሎ ይስቅ ጀመር። ለያምሮት ነግሯል፣ ለደላላው ነግሯል፣ መጋዘን ውስጥ ላሉት ተሸካሚዎች ሁሉ ነግሯል። «አሁን እኔን ሲያዩ ስለ ዝናብ ነው የሚጠይቁኝ» አለ። እንዲህ ከሳቁልኝ በኋላ የአንዲት ሴት ዋና ሰነድ በኪሴ ይዤ እንደመጣሁ እንዴት ብዬ ልናገር?

«ታዲያ የትኛው ይሁን?» አለኝ።

«ቀይዋ ዳገት ላይ ታስላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንስማት።»

አላሳለችም።

ማታ እፀገነት ጓሮ ሆና ከአባቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ «አባዬ፣ አያቴ የሚያጓትቱት መኪናውን አይደለም፤ ቅዳሜን ነው» አለች። ጆሮዬ ደካማ ነው፣ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ሰኔ 1

በነጩ ወስዶኝ ቡሬ ዋልኩ። ያምሮት ጥሩ ምሳ ሠርታ ነበር፣ ጉቦ መሆኑ ከሽታው ያስታውቃል። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ሠርግ ተጠርቼ በዚያች ቀይ ነገር ተጨማድጄ ልውረድ? ሰው ምን ይላል?» አለች። «ናሁሰናይ ሚስቱን በሳጥን አመጣት ይላል» አልኳት። ሥጋ ጨመረችልኝ።

ከምሳ በኋላ ገበያው ዳር መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ናሁሰናይን ስጠብቅ አንድ በግ የሚጎትት ሰው መስታወቱን አንኳኳ። ከግራር አምባ ነው። ወዲያው አወቀኝ።

«ጌታዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአልጣሽ ነገር ምን ደረሰ?»

«እየታየ ነው» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«እንዲያው ቶሎ ቢሆንላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱ ዳር ወርዳ ትቀመጣለች። ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ትነሣለች። ይግባኝ በይ ብንላት ‹ወረቀቴ ከሰው እጅ ነው› ትላለች።»

በጉን እየጎተተ ሄደ።

ስንመለስ በዚያው መንገድ ነው። «የምን አቋራጭ ነው?» እስኪለኝ ድረስ ናሁሰናይን በሌላ በኩል እንሂድ አልኩት። ሌላ መንገድ የለም። ማንኩሳ ልንደርስ ስንል ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሰኔ 2

አልተኛሁም።

ሰኔ 6

ዝናብ። ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ስምንት እያልኩ ስቆጥር ነበር፣ ዛሬ አሥራ አምስት ደረሰ።

አንድ ሰው ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ነው፣ በ1974 ይመስለኛል። ከደጋ ዳሞት ሁለት ቀን በእግሩ መጥቶ ይግባኝ ሊል መስኮቴ ላይ ቆመ። አንድ ቀን አሳልፏል። «ብር ወንዝ ሞልቶ ከማዶ አደርኩ» አለኝ። «እንግዲያው ወንዙን ክሰሰው» አልኩት። ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ጥሩ ቀልድ ነበር። ለዓመታት ደጋግሜ ለሰው ነግሬዋለሁ። «ጊዜው አልፏል» ብዬ ጻፍኩበትና ወረቀቱን መለስኩለት።

ሰውዬው ምን እንዳለ ጠፋብኝ። ምንም ያለ አይመስለኝም። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ካለው ባህር ዛፍ ሥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቆሞ ነበር።

ሰኔ 8

ናሁሰናይ በቀይዋ መጣ። ስለ ጎማ አወራን።

ሰኔ 9

እፀገነት ኮቴን ላጥብ ብላ ኪሱን ፈተሸች። «አያቴ፣ ይሄ የማን የመሬት ደብተር ነው?»

«የድሮ ጓደኛዬ ነው፣ አደራ ነው።»

ከፍታ ፎቶግራፉን አየች። ሴት ናት። እኔንም አየችኝ። አልጋዬ ላይ አስቀምጣው ወጣች። ይህች ልጅ ባንክ ውስጥ ምን እያስተማሯት ነው?

ሰኔ 12

ሚካኤል ነው። በአውቶቡስ ሄጄ እራሴ እመልስላታለሁ ብዬ ተነሣሁ። መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ «አባቴ፣ ቡሬ? ማንኩሳ?» አለኝ። ክንዴን ይዞ ሊያወጣኝ ነበር። ጉልበቴ አልኩትና በባጃጅ ተመለስኩ።

ጉልበቴ አልነበረም።

ሰኔ 15

ናሁሰናይ አልመጣም። ዶፍ ነው፣ የጭነት መኪናው ጭቃ ይዞበታል። ኮቴን ለብሼ እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥኩ።

ሲመሽ ደወለ። «አባዬ፣ ሠርክአዲስ ጨቀጨቀኝ። ሌላ ገዢ አለ ይላል። የትኛውን እንመልስለት?»

«ሁለቱም ይቆዩ።»

«እስከ መቼ?»

ስድስት ቀን አልኩ በልቤ። ለእሱ ግን «ደላላ ነው፣ ይጠብቅ» አልኩት።

ሰኔ 18

ነገርኳት።

ትናንት የሰኔ ጾም ገባ። ዛሬ እፀገነት ሽሮ አቅርባልኝ ሳልነካው ቁጭ ብል ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ገልብጣ ስታስቀምጥ የመጀመሪያዬ ነው ያየሁት። «አያቴ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ጓደኛዎ አትመስልም» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ዋርካውን፣ ጭብጨባውን፣ አስፋልት ዳር የምትቀመጠውን። የወንዙን ሰውም ነገርኳት፣ እሱን ለምን እንዳነሣሁት እንጃ።

ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ስንት ቀን ቀራት?» አለች።

«ሦስት።»

ከባንክ ያመጣችውን ላፕቶፕ ከፈተች። «በሉ ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።»

«ለምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት። ይግባኝ ባይ፣ ወይዘሮ አልጣሽ…» ብዬ ስጀምር ድምፄ ተለወጠብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጠራሁት ቃል ሁሉ ተሰልፎ መጣ። ‹የሥር ፍርድ ቤት ይግባኝ ባይ በሕመም ምክንያት መቅረቷን ሳያጣራ…› እፀገነት መጻፉን እያቆመች «አያቴ፣ ቀስ ይበሉ» ትለኛለች። ሦስት ገጽ ሆነ።

ከዚያ ለናሁሰናይ ደወልኩ። «ሐሙስ ና» አልኩት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አባዬ።»

«ቅዳሜ አልፈልግህም።»

ይህን ስል እፀገነት ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆኑ? ታመሙ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ሐሙስ ና፣ መንገድ ላይ እነግርሃለሁ። ቀይዋን ይዘህ ና።»

«በዚህ ጭቃ ነጩ ይሻላል። ጉልበትዎስ?»

«በነጩ ሁለተኛ አልሄድም። ቀይዋን!»

ሰኔ 20

ደክሞኛል፣ ግን ሳልረሳው ልጻፈው።

ለናሁሰናይ መንገድ ላይ ነገርኩት። ማንኩሳ ስንደርስ መኪናዋን ቀስ አደረገ። ከዚያ «እኔም እኮ ሳቅሁ፣ አባዬ» አለ።

ቅዳሜ ባይሆንም እዚያው ነበረች። የግራር አምባ መታጠፊያ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ላስቲክ ተከናንባ። ለካ ሰኔ ከገባ ወዲህ በየቀኑ ነው የምትወርደው። በፊቷ አለፍን። ቀይዋን ቀና ብላም አላየቻትም። ናሁሰናይ ሃያ እርምጃ ያህል አልፎ አቆመ። ሊደግፈኝ ሲል ተወኝ አልኩት። ብቻዬን ወረድኩ፣ ወረድኩም አይባል፣ ወደቅሁ። ጭቃው ጫማዬን ያዘው። ያን ሃያ እርምጃ ስሄድ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር በሙሉ ረሳሁት።

«አልጣሽ» አልኳት።

ቀና አለች። «መጡ?»

«ባለሥልጣን አይደለሁም። ጡረተኛ ነኝ። የዚያን ለት ቀልዴ ነው። መኪናውም የእኛ አይደለም።»

ፌስታሉን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ፣ ፈታ ደብተሯን አየችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። ዝናቡ ላስቲኳ ላይ ይንቆረቆራል።

«ባለሥልጣን አለመሆንዎንማ አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ባለሥልጣን ወረቀት ሲሰጡት ሳያየው ከኋላው ለቆመ ሰው ያቀብላል። ስንት ጊዜ ሰጥቼ አውቀዋለሁ። እርስዎ መነጽር አውጥተው፣ ቆመው፣ እስከ ማኅተሙ አነበቡት። ይህ ሰው ማንም ይሁን ማን ማንበብ ያውቃል፣ እሱ ዘንድ ይቆይልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጫማዬን ከጭቃው ነቀልኩ።

«ግን ቆዩ» አለች።

«ቆየሁ።»

«መንደሩ ሞኝ አለኝ።»

«ሞኙ እኔ ነኝ።»

«እሱማ ነው» አለች።

«ታዲያ ካወቅሽ ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ለምን ትነሻለሽ?»

«የመጡት በነጭ ነበር እኮ። በምን ልለይዎ?»

ቀኑ ነገ እንደሚያልቅ፣ ይግባኙ ተጽፎ እንዳለቀ፣ ዛሬ እኛ ቤት አድራ ጠዋት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ መገኘት እንዳለብን ነገርኳት። የማታውቀው ሰው ቤት ልትሄድ ነው፤ ናሁሰናይን አየችው፣ መኪናዋን አየቻት፣ ላስቲኳን አጥፋ በብብቷ ያዘች። እሷን ፊት አስቀመጥናት። እኔን ወንበሩን አጥፎ፣ ጎንበስ አድርጎ፣ በጎን፣ መጀመሪያ ጭንቅላቴን፣ ከዚያ አንድ እግሬን፣ ብዙ ቆይቶ ሌላውን። ጆንያው ማን እንደሆነ ዛሬ አወቅሁ።

ዶፉ መስታወቱን ሲመታው አልጣሽ ዞር ብላ አየችኝ።

«ዝናቡን ግን አስተካክለውታል» አለች።

ናሁሰናይ መንገድ ዳር አቆመ። በሳቅ መንዳት አቃተው።

ሰኔ 21

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ነበርን። መስኮቱ ያው መስኮት ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተለውጧል። ከውስጥ የተቀመጠው ልጅ ሠላሳ ዓመትም አይሞላው። ውሳኔውን ገለጠ፣ ቀኑን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ፣ በጣቱ ቆጠረ። እኔም ከውጭ አብሬው ቆጠርኩ።

«አባቴ፣ ዛሬ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ነገ ቢመጡ ኖሮ…»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

የመጨረሻው ገጽ ሥር ‹ጸሐፊ› የሚል አለ፣ እፀገነት ባዶውን ትታዋለች። ብዕሩን ተቀብዬ ስሜን ጻፍኩ። አልጣሽም በጣቷ ፈረመች። ልጁ ማኅተሙን ሲመታው የተሰማኝን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ከዚህኛው ወገን ሌላ ነው።

ስንወጣ ባህር ዛፉን ፈለግሁት። ቆርጠውታል።

ሰኔ 22

ቅዳሜ ነው። ናሁሰናይ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ሥራ ፈትቶ ውሏል፣ ዛሬ ይመጣል አልልም። ሠርክአዲስም ዛሬ ሊወስን እንደሚገባ ነግሮት ነበር። ስለዚህ በስልክ ጨረስነው።

«ነጩን ብትገዛ አልከፋም» አልኩት። «ለጉልበቴም ይመቸኛል። ግን በሄድክበት ሁሉ ፌስታል ይሰጡሃል። አንተ ደግሞ ማንበብ አትወድም።»

ሳቀ። ከዚያ «ቀይዋ ትሁን» አለ።

ለያምሮት ማን እንደሚነግራት አልጠየቅሁትም። እንግዲህ ነገሩ አልቋል። መኪናው ተመርጧል፣ የሚሞከር የለም።

ሰኔ 29

ኮቴን አልለበስኩም። ለምን እለብሳለሁ?

አምስት ሰዓት ላይ ደጁ ላይ ጥሩምባ። እፀገነት «አያቴ፣ ኮትዎን!» አለች። ናሁሰናይ ነው፣ በቀይዋ። ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቅሁት።

«ምንም» አለ። «ቅዳሜ ነው።»

ሐምሌ 6

የሐዋርያት ጾም ትናንት ቢያበቃም ዕለቱ ዓርብ ሆኖ ዶሮው ለዛሬ አደረ። አልጣሽ ግራር አምባ ጠርታናለች። ማክሰኞ ይግባኙ ‹ያስቀርባል› ተብሏል፣ ፍርድ ቤቱ ሊሰማው ተቀበለው ማለት ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ የባሏ የወንድም ልጅ መሬቱን እንዳይነካ ዕግድም ወጥቷል። ገና ብዙ ቀጠሮ አለ። ልጁም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ጠበቃ ይዟል አሉ። እኔ ግን የፍርድ ቤቱን መስመሮች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ እፀገነትም የመልስ መልሱን ለመጻፍ ዝግጁ ናት።

ጠዋት ናሁሰናይ ሲመጣ አልጣሽ ፊት ተቀምጣለች። እራሴ ሄጄ ካላመጣኋቸው ብላ ከመታጠፊያው አብራው መጣች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች። በሩን ከፍቼ ዘንጌን ተደግፌ ቆምኩ፣ የሽማግሌ ወጉን ጠብቄ።

«ወንበሩን ለእኔ አትለቂም?» አልኳት።

«ምን በወጣኝ!» አለች። «ባለሥልጣን የሚቀመጠው ከኋላ ነው።»

እፀገነት ደጃፉ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ናሁሰናይ ወርዶ ወንበሩን አጠፈው። በጭንቅላቴ ገባሁ፣ አንዱ እግሬ ገባ፣ ሌላውን ገፉት። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው ስቀልድ ኖሬ እንዲህ ተቀልዶብኝ አያውቅም። እፀገነትም ከጎኔ ተጨናንቃ ገባች፤ ስልኳን ቤት ረስታዋለች።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ናሁሰናይ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየኝ።

«ተመቸዎት፣ አባዬ?»

«እናየዋለን» አልኩት።